ከገመድ የወረደ ሙሸል አሸዋ የለውም

መቅዲ ደብዳቤውን ይዛ ስትመጣ ኣብረኸት ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር ካለው የአራተኛ ፎቅ ቤቷ የታመመ ጉልበቷን በሙቅ ፎጣ ጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። አብራት የምትሠራው ልጅ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አደይ፣ ሁለተኛው ነው። አንድ ከደገሙኝ ከሥራ ተባረርኩ።»

ኣብረኸት መነጽሯን ፈልጋ አነበበች። አብማኑንግ ይላል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሠራተኛዋ ሙሸሉን በሚገባ ስላላጠበች በደንበኞች ምግብ ውስጥ አሸዋ ተገኝቷል ይላል። ከታች ሁለት ፊርማ አለ፤ አንዱ የባለቤቱ የሄር ኬልበር፣ ሌላው የማጠቢያ አዳራሹ አለቃ የእንዳሻው። አርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ቀርባ ጥፋቷን አምና እንድትፈርም ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ተሰጥቷታል።

«አሸዋ?» አለች ኣብረኸት። «ሙሸል ውስጥ?»

«አዎ፣ አሸዋ! ሦስት ሦስቴ ነው የማጥበው። እጄን ይዩት እስቲ!»

የጣቶቿ ጫፍ በቀዝቃዛ ውኃ ተሰነጣጥቆ እንደ ክረምት ተረከዝ ሆኗል። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው።

ሁለቱም የሚሠሩት ዞሰንሃይም ሰፈር አጠገብ ባለ የዓሣ ጅምላ ንግድ ቤት ነው። ሙሸል ማለት ሁለት ጥቁር ቅርፊት እንደ መጽሐፍ የሚገጥሙለት የባሕር እንስሳ ነው። በየማለዳው በከረጢት ይመጣል፤ ዘጠኝ ሴቶች ያጥቡታል፣ ጢም የሚሉትን ክሩን ይነቅላሉ፣ አፉን የከፈተውን መታ መታ ያደርጋሉ። ከዘጋ በሕይወት አለ፤ ካልዘጋ ይጣላል። ከዚያ በንግድ ትርኢቱ ማዕከል በሜሴው ዙሪያና ኦይሮፓፊርቴል ሰፈር ወዳሉት ሆቴሎች ይጫናል። ኣብረኸት ይህን ሃያ ዓመት ሠርታለች። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ግን ቁጭ ብላ በሣጥን ላይ ወረቀት መለጠፍ ነው ሥራዋ፤ ሙሸል በእጇ ከነካች ሁለት ዓመት አልፏታል።

የመቅዲ ጉዳይ ከእጅ መሰንጠቅ ያለፈ ነበር። የጥገኝነት ማመልከቻዋ ውድቅ ሆኗል። ጀርመን የምትቆየው ሥራ ስላላት ብቻ ነው፤ ፈቃዷ ኖቬምበር ላይ ያልቃል፤ ሥራ ከሌላት የውጭ ዜጎች ቢሮው አያድስላትም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአንዲት ሴት እዚህ አገር ማደርና አለማደር ሰው ሳህን ውስጥ በተገኘ አሸዋ ላይ ቆመ። ይህንንም ከኬልበር ጋር የፈረመው እንዳሻው የገዛ አገሯ ልጅ ነው።

«ከየት የሚመጣ ሙሸል ነው?» አለች ኣብረኸት።

«ያው ከስኮትላንዱ። አንቱ ራስዎ አይደሉ ወረቀቱን የሚለጥፉት? በገመድ ያደገ ይላል።»

«እወ። እንግዲያው ስሚኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ከገመድ የወረደ ሙሸል አሸዋ የለውም። ቢፈልግም ከየት ያመጣዋል?»

መቅዲ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። የኣብረኸትን የገመድ ወሬ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። በዕረፍት ሰዓት «በገመድ ላይ» ብላ ስትጀምር አጣቢዎቹ እነ ሳልማ ይጠቃቀሳሉ። «የባሕር ገበሬዋ ልታርስ ነው፤ በሬውን አምጡላት!» ይላሉ። እንስሳ እንደ ወይን በገመድ ላይ ይንጠለጠላል ቢሏችሁ እናንተስ ታምናላችሁ? አታምኑም። እኛ ሰው የማናውቀውን ሲነግረን መሳቅ ይቀናናል፤ መጠየቅ ግን ያሳፍረናል።

እሷ ግን ኖራበታለች።

ኣብረኸት የምጽዋ ልጅ ናት። አማርኛን በትምህርት ቤት፣ ባሕርን ባባቷ ጀልባ ላይ ተማረች። ባሏ ገብረሂወት መርከበኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የደርግ መንግሥት ሲፈርስ መርከቡ ስኮትላንድ ወደብ ላይ ቆሞ ቀረ፣ እሱም እዚያው ቀረ። በዓመቱ ተከተለችው። የኛ አገር ሰው ለንደን ለንደን ሲል፣ እነሱ ሥራ ያገኙት በምዕራቡ ዳርቻ፣ ባሕሩ በሁለት ተራሮች መሃል ገብቶ እንደ ሐይቅ በሚተኛበት ቦታ ነው። ያገሩ ሰው ሎክ ይለዋል። ዝናቡ የማያባራ፣ ከሰው ይልቅ በግ የሚበዛበት አገር።

ያን ባሕር የሚያርሱት በገመድ ነው። ወፍራም ገመድ በውኃው ላይ ይዘረጋል፤ በርሜል የሚያህሉ ተንሳፋፊዎች ይሸከሙታል፤ ከሱ ላይ ደግሞ አሥር አሥር ሜትር የሚሆኑ ገመዶች እንደ ነጠላ ዘርፍ ወደ ታች ይወርዳሉ። ዘር የሚዘራ የለም። በጸደይ፣ ዓይን የማያያት የሙሸል ጫጩት በውኃው ተንሳፍፋ ትመጣና በራሷ ክር ገመዱን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው። መኖ የለ፣ መድኃኒት የለ፤ ባሕሩ ያበላታል።

መጠበቅ ማለት ግን መቀመጥ አይደለም። ሙሸሉ በወፈረ ቁጥር ገመዱ ይከብዳል፣ ተንሳፋፊው ይሰጥማል። በየሳምንቱ በጀልባ እየዞሩ ሌላ ተንሳፋፊ ማሰር ነው፤ ያለዚያ ገመዱ ታች ይደርሳል። ታች ደግሞ ባለ አምስት እግሩ የባሕር ኮከብ ይጠብቃል፤ ገመዱን እንደ መሰላል ይወጣበትና ሙሉ አዝመራ ይበላል። ከላይ ዳክዬው አለ፤ ጠልቆ የሙሸሉን ጫጩት ከነቅርፊቱ ይውጣል። ኣብረኸት በጀልባው አፍንጫ ቆማ ድስት በማንኪያ እየደበደበች ዳክዬ ስታባርር፣ ገብረሂወት ከኋላ ሞተሩን ይዞ ይስቅባት ነበር። «ምጽዋ ብትሆኚ ዶሮ ነበር የምታባርሪው!»

ገብረሂወት አንድ ሕግ ነበረው። የሳበው ገመድ ጫፉ ላይ ጭቃ ካየ ያን የጫፉን ሙሸል ይጥለዋል። «መሬት ከነካ የኛ አይደለም» ይላል። አሥር ዓመት እንዲህ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ገብረሂወት ታሞ ሞተ፤ ኣብረኸትም እህቷ ወዳለችበት ወደ ፍራንክፈርት መጣች። የሥራ ቢሮው ዓሣ ቤት አለ ሲላት፣ የመጀመሪያውን ከረጢት ፈትታ እጇን ከታ አለቀሰች። ሌሎቹ ብርዱ መሰላቸው።

«መቅዲ፣» አለች አሁን፣ ፎጣውን ከጉልበቷ እየፈታች፣ «አርብ አርብ የሚሰጡንን ከረጢት ምን ታደርጊዋለሽ?»

ቤቱ ለየሠራተኛው በሳምንት አንድ ከረጢት ሙሸል ይሰጣል። ከዘጠኙ ሴቶች አንዷም አትበላውም። ኦርቶዶክሶቹ እንደ ዓሣ ክንፍና የገላ ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አይነኩም፤ ሳልማና ሌሎቹ ሙስሊሞች ደግሞ ቢፈቀድም ሆዳቸው አይቀበለውም። ኣብረኸት ራሷ አሥር ዓመት አሳድጋው አንድ ቀን አልቀመሰችም።

«ለጎረቤቴ ነበር የምሰጣት፣ ለፍራው ሊንደ። አሁን እምቢ ብላኛለች።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! መጀመሪያ ደስ እያላት ትወስድ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ‹ናይን ዳንከ፣ አልፈልግም› ብላ በሩን ዘጋችው። የኛ እጅ የነካውን ንቃ ነዋ! እኔም ሰላምታ ከነሣኋት አራት ወር ሆነኝ።»

«ጠየቅሻት?»

«ምኑን እጠይቃታለሁ አደይ? ኩራት የለኝም እንዴ?»

ኣብረኸት ተነሣች። «ጃኬትሽን አላወለቅሽም፤ ጥሩ አደረግሽ። ተነሺ እንሂድ።»

መቅዲ ወደምትኖርበት ዞሰንሃይም ደርሰው የፍራው ሊንደን በር ሲያንኳኩ አሮጊቷ በመገረም ከፈተች። ኣብረኸት በተሰባበረ ጀርመንኛዋ በቀጥታ ጠየቀቻት። አሮጊቷ ፊቷ ቀላ። ንቀት አልነበረም። ስጦታ የሚያመጣ ሰው ቅር እንዳይለው ብላ ነው። ከሰኔ ወዲህ ያለው ሙሸል ሥጋው ውስጥ አሸዋ አለበት፤ እያጠበች ሞከረች፣ ውኃ ውስጥ አሳደረች፣ አልሆነም፤ በመጨረሻ የጥርሷ ሙሌት ወለቀ። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ቦታውን አሳየቻቸው።

አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ምስክሯ ግድግዳ ተጋርታ ስትኖር መቅዲ ፊቷን አዙራ ታልፋት ነበር። አንዷ ላለማስቀየም፣ ሌላዋ ላለመዋረድ ዝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ አሳድገውናል፤ እንጀራም እንደማይገባበት የነገረን የለም።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ኣብረኸት በዕረፍት ሰዓት እያነከሰች ወደ ማጠቢያው ወርዳ አንድ ያልታጠበ ከረጢት ፈታች። እጇን ከተተች። አውራ ጣቷ ቅርፊቱን ዳሰሰ፤ ስስ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ። ይህ የገመድ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ዶልዱሟል፤ ጫፉ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ይህ ከባሕር ወለል በብረት መረብ ተጎትቶ የወጣ ነው። ጭቃና አሸዋ ውስጥ የኖረ ሙሸል አሸዋው ሆዱ ውስጥ ነው፤ እንዲተፋው በንጹሕ ውኃ ካልተቀመጠ በስተቀር ከውጭ ዮርዳኖስ ቢነክሩት አይለቅም።

እንዳሻው ደረሰባት። «እትዬ ኣብረኸት፣ ምን እየሠሩ ነው እዚህ?»

«ሁለት ዓይነት ሙሸል አንድ ከረጢት ውስጥ ከተው ይሸጡላችኋል። ሙሸሉን የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ ነው የደባለቀው።»

እንዳሻው ዘወር ዘወር ብሎ አየ። «ይተዉት በእናትዎ። ነጋዴው የሼፉ፣ የባለቤቱ፣ የድሮ ወዳጅ ነው። ልጅቷ ይቅርታ ትበልና ትፈርም፤ እኔ አለሳልስላታለሁ።»

«ሦስተኛውንስ ደብዳቤ ታለሳልሰዋለህ?»

የዚህ ዓይነት ሰው በየሥራው ቦታ አለን፤ ክፉ አይደለም፤ ልጅ ያሳድጋል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ግን ጌታው ሳይቆጣ በፊት ፈርቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ ፍርሃቱን ምክር ብሎ ያድለናል።

አርብ ሦስት ሰዓት። ቢሮው ውስጥ ሄር ኬልበር ከጠረጴዛው ኋላ፣ መቅዲ ከፊቱ፣ እንዳሻው ሊያስተረጉም መሃል ላይ። በሩ ተከፈተና ኣብረኸት ያልታጠበ ከረጢት በጋሪ እየገፋች ገባች። የክት ልብሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯን በነጭ ሻሽ ጠምጥማለች።

«ፍራው ኣብረኸት፣ እርስዎ ቴርሚን የለዎትም» አለ ሄር ኬልበር።

«ቴርሚን የለኝም፤ ሙሸል ነው ያለኝ። ይቀጥሉ፣ እጠብቃለሁ።»

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ መቅዲ ዞረ። መቅዲ «ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ጥፋት የለብኝም» አለች። እንዳሻው «በጣም አዝናለች፣ ወደፊት ትጠነቀቃለች» ብሎ ወደ ጀርመንኛ መለሰው።

«አይደለም!» አለች ኣብረኸት ከጥግ። ከዚያ በአማርኛ፣ «እንዳሻው፣ ልጄ፣ ያለችውን ተናገር። የራስህን ፍርሃት በሷ አፍ አታውራ።» ቀጥላም በራሷ ጀርመንኛ ለሼፉ ነገረችው፤ «ሦስት ጊዜ አጥቤያለሁ፣ ጥፋት የለብኝም ነው ያለችው።»

እንዳሻው ጆሮው ድረስ ቀላ። ሄር ኬልበር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ አሸዋው ከየት መጣ?»

«ከነጋዴው። በገመድ ያደገ ብሎ ግማሹን የመሬት ይሸጥልዎታል።»

«ሃያ አምስት ዓመት ዓሣ ሸጫለሁ፤ እኔ ያላየሁትን እርስዎ አዩት?»

«አላየሁትም። ዳሰስኩት እንጂ።»

ይህን ብላ ነጩን ሻሽ ከራሷ ላይ ፈታችው። ሽበቷ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ያቺ ፀጉሯ ሳይሸፈን ሰው ፊት የማትወጣ ሴት፣ ሻሹን ዓይኖቿ ላይ አስራ «መቅዲ፣ ሁለት ሣጥን» አለች። እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከታ መልቀም ጀመረች። አውራ ጣት፣ ግራ። አውራ ጣት፣ ቀኝ። ሳትቸኩል፣ ሳታመነታ። ከበሩ ውጭ እነ ሳልማ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ተሰብስበው በመስኮቱ ያያሉ። የባሕር ገበሬዋ ብሎ የሚስቅ አልነበረም።

ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ሻሹን ከዓይኗ አንሥታ ፀጉሯን መልሳ ጠመጠመች። በግራው ሣጥን ያሉት ጥቁር ሰማያዊ፣ ስስና አብረቅራቂ ናቸው። በቀኙ ያሉት ግራጫ፣ ወፍራምና የተፋፋቁ። ልዩነቱን ሕፃን ያየዋል።

ሄር ኬልበር ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። «ቅርፊቱ ይለያይ ይሆናል። አሸዋው ግን ካለመታጠብ ሊሆን ይችላል።»

«ጥሩ። እርስዎ ያጥቡታል።»

«እኔ?»

«የሚታመነው የርስዎ እጅ አይደል?»

መስኮቱ ጋ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሰውየው ክብሩ ተነካ፤ እጅጌውን ሰበሰበ። ከቢሮው ቀጥሎ ባለችው የቅምሻ ማእድ ቤት ከየሣጥኑ አሥር አሥር ሙሸል ወስዶ በብሩሽ ፈተገ፣ አለቀለቀ፣ ደግሞ ፈተገ። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ከብርዱ ቀልተው ነበር፤ መቅዲን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ። ከዚያ በሁለት ድስት ጣደው። እንፋሎቱ ሲነሣ ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ አፋቸውን ከፈቱ።

«አሁን ይቅመሱልኝ» አለ ለኣብረኸት።

«እኔ አልበላም። አሥር ዓመት አሳድጌው አልበላሁትም፤ ዛሬም ለርስዎ ስል አልጀምርም። እርስዎ ይብሉ። ጥርስዎ ይመስክር።»

ከመጀመሪያው ድስት አንዱን ወስዶ በላ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም። ምንም። ሥጋው ለስላሳ፣ ጣፋጭ ነበር። ከሁለተኛው ድስት አንዱን አንሥቶ ነከሰ።

ክርጭ።

ድምፁ መስኮቱ ጋ ላሉት ሳይቀር ተሰማ። ሄር ኬልበር አፉን በእጁ ይዞ ወደ ማጠቢያው ሮጠ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አስተዳደግ ጎድሏቸው አይደለም፣ አምልጧቸው ነው።

ሰውየው አፉን ተጉመጥምጦ ተመለሰ። «ለምንድን ነው ይህን ያህል ወር ያልነገራችሁኝ?»

ጥያቄው እውነተኛ ነበር፤ ኣብረኸትም በእውነት መለሰች። «እኛ አንበላውም፤ ስለዚህ አላወቅንም። የበላችው ጎረቤት ስትሸሸን የናቀችን መሰለንና አልጠየቅናትም። ይህ የኛ ጥፋት ነው። እርስዎ ግን የሚበሉት ነዎት። አንድ ቀን ሳይቀምሱ ሁለት ጊዜ ፈረሙ። ይህ የርስዎ ነው።»

ከረጢቱ ላይ የተንጠለጠለውን ምልክት አንሥታ ስልኩን ጠየቀች። የእርሻው ቁጥር እዚያው ላይ ነበር። ስትደውል በጀርመንኛ የምትንተባተበው ሴትዮ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በስኮትላንድ ገበሬ ቅላጼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳክዬው፣ ዘንድሮ ተንሳፋፊ ስንት እንደጨመሩ ታወራ ጀመር። ሄር ኬልበር አፉን ከፍቶ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ባለፈው ወር ለዚህ ነጋዴ ስንት ቶን ሰጣችሁ? ስድስት አሉ። በስማቸው ዓሣ ቤቱ የገባው አሥራ አንድ ነበር።

ሄር ኬልበር ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፎ ከሥራቸው አሰመረ። ከዚያ ለመቅዲ እጁን ዘርግቶ «ይቅርታ፤ ነገሩ ተረስቷል» አላት።

መቅዲ እጁን ልትጨብጥ ስትል ኣብረኸት ክንዷን ያዘች። «ሲወነጅሏት በወረቀት ነበር። ሲተዉላትም በወረቀት ይሁን። ሁለቱም አብማኑንግ ከመዝገቧ ይነሣ፤ ጥፋት እንደሌለባት ተጽፎ ይፈረም። ኖቬምበር ላይ የምታሳየው እሱን ነው፤ የእጅዎን ሙቀት ቢሮው አይቀበላትም።»

በቃል የተባለ ይቅርታ የሚያጠግባቸው ስንቶቻችን ነን! ፈገግ ሲሉልን ረክተን እንወጣለን፤ ክሱ ግን እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ተጻፈ። ሄር ኬልበር ፈረመ። ሁለተኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ እንዳሻው እስክሪብቶውን ይዞ መቅዲን አያት።

«ያኔም ፈርመሃል» አለችው መቅዲ። «ዛሬ አንብበህ ፈርም።»

ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ፈረመ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው ወረቀቱን ጮክ ብሎ፣ አንድ ቃል ሳያለሳልስ፣ መስኮቱ ጋ ላሉት ሴቶች በአማርኛ ተረጎመላቸው።

ነጋዴው ተባረረ። ሙሸሉ አሁን ከእርሻው በቀጥታ ይመጣል፤ ሲመጣም የመጀመሪያውን ከረጢት ኣብረኸት ካልዳሰሰችው አይፈታም። ለጡረታዋ የቀራት ጥቂት ነውና ተተኪ ስጡን ሲሏት መቅዲን ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀባትም።

መቅዲ የታደሰውን ፈቃዷን ይዛ ሥራ በገባችበት ማለዳ፣ ኣብረኸት ነጩን ሻሽ ከቦርሳዋ አውጥታ ዓይኗ ላይ አሰረችላት። ፊቷ የቀረበው ኣብረኸት ከሄር ኬልበር የለመነችው የድሮው ነጋዴ ከረጢት ትራፊ ነበር፤ ለትምህርት በበረዶ ያስቀመጠችው። ሴቶቹ ዙሪያውን ቆሙ። መቅዲ አንዱን አነሣች፣ ዳሰሰች፣ ወደ ግራ። አንዱን፣ ወደ ግራ። ሦስተኛው ላይ አውራ ጣቷ ቆመ፤ ጠርዙን ሄደችበት፣ ተመለሰችበት።

«አትቸኩዪ፣ ጓለይ።»

«አልቸኮልኩም» አለች መቅዲ፣ ዓይኗ እንደታሰረ እየሳቀች፤ ሙሸሉንም በዳበሳ አጠገቧ ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው። «ይቺ መሬት ነክታለች። የኛ አይደለችም።»

ኣብረኸት አጠገቧ ያለውን ሣጥን ስባ ተቀመጠችበት። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሰው አፍ የሰማችው ከብዙ ዓመት በፊት፣ በዝናብ፣ ከገብረሂወት ጋር ጀልባ ላይ ነበር።

አመሻሹ ላይ መቅዲ የሳምንቱን ከረጢቷን ይዛ የፍራው ሊንደን በር አንኳኳች።